ታላቅ ከተማ ታናሽ መንደርን ሲጠቀልል



ሰው ሲሞት መቼ እንደ ሞተ ይታወቃል። ሰዓቱ ይነገራል፣ ለቅሶ ይደረሳል፣ የመቃብሩም ስፍራ ይታወቃል። አንዲት መንደር ስትሞት ግን መቼ ሞተች ይባላል? ቤቶቿ ሲፈርሱ ነውን? ሰዎቿ ሲበተኑ ነውን? ወይስ ስሟ ከመንግሥት መዝገብ ሲሰረዝ? ይህ ጥያቄ የቃላት ጨዋታ አይደለም፤ መልሱ ታላቅ የሆነው አካል ለታናሹ ምን ዕዳ እንዳለበት ይወስናልና። እኛም በዚህ ጽሑፋችን ጥያቄውን እንዲያው በባዶው ሳይሆን፣ በአንዲት መንደር እውነተኛ ታሪክ ላይ ተመርኩዘን ልንመለከተው ወደድን። መንደሪቱ በጃፓን አገር የምትገኘው ያማኮሺ ናት። በጽሑፉ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውሳለን።

ያማኮሺ በጃፓን ትልቁ ደሴት በሆንሹ፣ በኒጋታ ክፍለ ሀገር የምትገኝ ተራራማ ስፍራ ናት። በጃፓን ሕግ «ሙራ» የሚባለው መንደር የጎረቤታሞች ሰፈር ብቻ አይደለም፤ የራሱ ሹም፣ የራሱ ምክር ቤትና የራሱ በጀት ያለው የአስተዳደር አካል ነው። ያማኮሺም እንዲህ ያለች ሙራ ነበረች። በሥሯ 14 ጎጦች ሲኖሩ፣ በ2004 ዓ.ም. የሕዝቧ ቁጥር ወደ 2,200 ይጠጋ ነበር። ምድሪቱ ገደላማ ስለሆነች ገበሬው የተራራውን ጎን በእርከን እየከረከመ ሩዝ ያመርታል። በብርድ ወራት በረዶው ከ3 ሜትር በላይ የሚከመርበት ጊዜ አለ። በእርከኖቹ አጠገብ በተቆፈሩ ኩሬዎች የዚያ አካባቢ ገበሬዎች ለምግብ የሚሆን የካርፕ ዓሣ ያረቡ ነበር። ከ200 ዓመታት ገደማ በፊት ከእነዚህ ዓሦች መካከል መልካቸው የተለየ ብቅ ብቅ ሲሉ፣ ገበሬዎቹ እየመረጡና እያዳቀሉ «ኒሺኪጎይ» የተባለውን ባለ ኅብር ዓሣ አስገኙ። ዛሬ ይህ ዓሣ በብዙ አገሮች የአትክልት ስፍራዎች ኩሬ ውስጥ ይታያል። ድኻ የተባለ ገበሬ በጭቃ ኩሬ ውስጥ ውበትን ፈልጎ ማግኘቱን ልብ ይሏል።

የዚህችን መንደር ጠባይ ግን ከዓሣዎቿ ይልቅ አንድ ዋሻ ይገልጠዋል። ከጎጦቿ አንዱ የሆነው ኮማትሱጉራ በብርድ ወራት በበረዶ ይታጠር ነበር። ሰው ሲታመም ጎረቤቶቹ በጀርባቸው አዝለው፣ አደገኛውን የተራራ መተላለፊያ አልፈው ወደ ሐኪም ይወስዱት ነበር፤ በመንገድ ላይ የሚቀርም አይጠፋም። ስለዚህ የጎጡ ሰዎች በ1933 ዓ.ም. ዶማቸውን አንሥተው ተራራውን መቦርቦር ጀመሩ። ሥራው በጦርነቱ ዘመን ተቋርጦ እንደገና ቀጠለ፤ ከ16 ዓመታት በኋላ በ1949 ዓ.ም. ወደ 900 ሜትር የሚጠጋው ዋሻ ከወዲያኛው ጎን ወጣ። ናካያማ የሚባለው ይህ ዋሻ ዘመናዊው የመኪና ዋሻ እስከ ተከፈተበት እስከ 1998 ዓ.ም. ድረስ መንገድ ሆኖ አገልግሏል። በእኛ ቋንቋ ደቦ የምንለው የአንድ ቀን ወይም የአንድ ሳምንት ሥራ ነው፤ ይህ ግን 16 ዓመት የፈጀ ደቦ ነበር። ከጀመሩት መካከል ፍጻሜውን ሳያይ ያረጀ ሊኖር እንደሚችል እያወቁ መጀመራቸው፣ «እኛ» የሚለው ቃል በዚያ ጎጥ ምን ያህል ክብደት እንደ ነበረው ያስረዳናል።

እንግዲህ እንዲህ ያለች መንደር በከተማ ልትጠቀለል የበቃችበትን ምክንያት እንመልከት። የጃፓን መንግሥት ታናናሽ አስተዳደሮችን ሲያዋሕድ ያማኮሺ የመጀመሪያዋ አይደለችም። በ1888 ዓ.ም. ከ71 ሺህ በላይ የነበሩት ከተሞችና መንደሮች በአንድ ዓመት ውስጥ ወደ 16 ሺህ ገደማ ዝቅ ብለዋል፤ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለማቆም፣ ግብር ለመሰብሰብና የሕዝብ መዝገብ ለመያዝ ታናሿ መንደር አቅም የላትም ተብሎ ነበር። ሁለተኛው ውሕደት ከ1953 ዓ.ም. ጀምሮ ሲካሄድ ቁጥሩ ከ9,868 ወደ 3,472 ወረደ። ሦስተኛው ከ1999 ዓ.ም. በኋላ የመጣው ነው። ገጠሩ አርጅቷል፣ ወጣቱ ወደ ከተማ ወርዷል፣ የመንግሥትም ዕዳ በዝቷል። ስለሆነም መንግሥት በአንድ በኩል ለሚዋሐዱት ልዩ ብድር ፈቀደ፤ ከዕዳውም 70 በመቶ የሚሆነውን ራሱ እንደሚሸፍን ቃል ገባ። በሌላ በኩል ለታናናሾቹ ይሰጥ የነበረውን ድጎማ ቀነሰ። በዚህ መንገድ በ1999 ዓ.ም. 3,232 የነበሩት አስተዳደሮች በ2010 ዓ.ም. 1,727 ሆኑ። ማንም በሰይፍ አልተገደደም፤ ነገር ግን አንዱ እጅ ሲሰጥ ሌላው እጅ ሲነሣ፣ ፈቃድ የሚባለው ነገር ምን ያህል ፈቃድ እንደ ሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው።

በዚህ ስፍራ ፍርዳችን እንዳይቸኩል እንጠንቀቅ። ታናሽ የሆነ ሁሉ ቅዱስ፣ ታላቅ የሆነ ሁሉ ግፈኛ አይደለም። ጥቂት አረጋውያን የቀሩባት መንደር በረዶዋን ለመጥረግ፣ ክሊኒኳን ለማንቀሳቀስ፣ የፈረሰ መንገዷን ለመጠገን ብርቱ ክንድ ያስፈልጋታል። ደግሞም ያማኮሺ ራሷ የውሕደት ልጅ ናት። ሙራ የሆነችው በ1956 ዓ.ም. አራት የቀድሞ መንደሮች ተጠቃልለው ነው። በዚያን ጊዜም የአራቱ መንደሮች ሽማግሎች «ስማችን ጠፋ» ብለው አዝነው ይሆናል፤ የልጅ ልጆቻቸው ግን ያማኮሺን አገራችን ብለው ወደዷት። ከዚህም የተነሣ «መንደሪቱ ከጥንት ነበረች፤ አትነካ» የሚለው ክርክር ብቻውን አያዋጣም። የአስተዳደር ወሰን ሰው ያሰመረው ነው፤ ሰውም ሊያነሣው ይችላል። ጥያቄው ወሰኑ ይነሣ ወይስ ይቅር ሳይሆን፣ ሲነሣ ከሥሩ ያለው ሕያው ነገር ምን ይሆናል የሚለው ነው።

ይህን ጥያቄ ለመፈተን ማንም ያልጠበቀው ቀን መጣ። በ2004 ዓ.ም. ጥቅምት 23 ቀን፣ በምሽት 5 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ሲሆን በእነርሱ አቆጣጠር፣ መጠኑ 6.8 የደረሰ የመሬት መንቀጥቀጥ ያን አካባቢ መታው። በአካባቢው ሁሉ 68 ሰዎች ሞቱ። በያማኮሺ ተራሮቹ ተናዱ፣ እርከኖቹ ፈረሱ፣ መንገዶቹ ሁሉ ተቆረጡ፣ 14ቱም ጎጦች እርስ በርሳቸው ተለያዩ። የኢሞ ወንዝ በናዳ ስለ ተገደበ ውሃው ወደ ኋላ ተመልሶ ኮጎሞ የተባለውን ጎጥ ቤቶች አሰጠመ። የመንደሪቱ ሹም አቶ ናጋሺማ ታዳዮሺ ከሁለት ቀን በኋላ ሕዝቡ በሙሉ መንደሪቱን ለቅቆ እንዲወጣ አዘዙ። ሰዎቹ በሄሊኮፕተር እየተጫኑ ወደ ናጋኦካ ከተማ ተወሰዱ፤ ኋላም ከብቶቻቸውና ዓሦቻቸው ሳይቀሩ በሄሊኮፕተር ወረዱ።

በናጋኦካ ስደተኞቹ መጀመሪያ በየመጠለያው የገቡት እንደ አደራረሳቸው ነበር። የአንዱ ጎጥ ሰው ከሌላው ጋር ተደባለቀ፤ ጎረቤት ጎረቤቱን የሚያገኘው ፈልጎ ሆነ። ብዙም ሳይቆይ ግን መጠለያዎቹ እንደገና በየጎጡ ተደለደሉ። ጊዜያዊ ቤቶች ሲሠሩም እንዲሁ ሆነ፤ የአንድ ጎጥ ሰዎች በአንድ ረድፍ፣ በቀድሞ ጉርብትናቸው እንዲሰፍሩ ተደረገ። በስደት ላይ ያለ ሰው ምግብና ብርድ ልብስ ካገኘ ጎረቤቱ ማን እንደ ሆነ ምን ያደርግለታል የሚል ይኖር ይሆናል። መልሱን ከዘጠኝ ዓመት በፊት የኮቤ ከተማ በመሪር ዋጋ አግኝታው ነበር። በ1995 ዓ.ም. ከ6,400 በላይ ሰዎችን የገደለ የመሬት መንቀጥቀጥ በዚያ በደረሰ ጊዜ፣ ጊዜያዊ ቤት ለአረጋውያንና ለደካሞች ቅድሚያ እየተሰጠ በዕጣ ይታደል ነበር። ሐሳቡ ርኅራኄ ያለበት፣ አሠራሩም አድልዎ የሌለበት ነበር። ነገር ግን ዕጣው ጎረቤትን ከጎረቤት ለየ፤ በሚቀጥሉት ዓመታትም በእነዚያ ቤቶች ውስጥ ከ200 የሚበልጡ ሰዎች ማንም ሳያያቸው ብቻቸውን ሞተው ተገኙ። የበሉት እንጀራ አላነሳቸውም፣ ጣራቸውም አላፈሰሰም። የጎደላቸው ጠዋት በር ሳይከፈት ሲቀር «ምን ሆኑ?» ብሎ የሚያንኳኳ ሰው ነው።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ ለሁሉ እኩል የሆነ አሠራር ሁሉ ለሁሉ ደግ አይደለም፤ ሰውን ከነዝምድናው ሳይሆን ነጥሎ የሚያይ ፍትሕ ሳያውቅ ይገድላል። ሁለተኛ፣ ያማኮሺ ሕያው ሆና የቆየችው ያን ጊዜ አንድ ሰው እንኳ በማይኖርባት ተራራ ላይ ሳይሆን፣ በከተማ ዳር በተሠሩት በእነዚያ የቆርቆሮና የጣውላ ረድፎች ውስጥ ነበር።

የታሪኩ እንግዳ ነገር የሚመጣው በዚህ ጊዜ ነው። ያማኮሺ ከናጋኦካ ጋር እንድትዋሐድ ከአደጋው በፊት ተወጥኖ ነበር። በ2005 ዓ.ም. ሚያዝያ 1 ቀን ያ ውል ተፈጸመ፤ ከሌሎች አራት ከተሞች ጋር ያማኮሺ የናጋኦካ ክፍል ሆነች። ምክር ቤቷ ተበተነ፣ የሹምነቱ ወንበር ቀረ። ያማኮሺ የነበረችበት ኮሺ የተባለው ጥንታዊ ወረዳም ከእርሷ በቀር የቀረው ስላልነበረ አብሯት ከመዝገብ ወጣ። ሕዝቧ ከ200 ሺህ በሚበልጥ የከተማ ሕዝብ መካከል ከመቶ አንድ እጅ እንኳ የማይሞላ ሆነ። እንግዲህ አስቡት፦ መንደሪቱ ከሕግ መዝገብ የተሰረዘችው በውስጧ አንድም ሰው ሳይኖር ነው። መሬቷ ባዶ፣ ስሟ የተፋቀ፣ ሕዝቧ በሰው ከተማ በጊዜያዊ ቤት ውስጥ። በመግቢያችን ከጠየቅናቸው መንገዶች በየትኛውም ብንለካት ሞታለች ማለት እንችል ነበር።

ነገር ግን አልሞተችም ነበር። መንደሪቱ ከመሰረዟ አስቀድሞ «ወደ ያማኮሺ እንመለስ» የሚል ስም የተሰጠው የመልሶ ማቋቋም ዕቅድ አውጥታለች። ሊጠፋ የተቃረበ አስተዳደር የመጨረሻ ጉልበቱን ያዋለው፣ እርሱ በማይኖርበት ዘመን ሕዝቡ እንዴት እንደሚመለስ በማሰብ ነው። በዚህ ነጥብ ላይ ናጋኦካ በሁለት መንገድ ፊት ቆመች። ከተማዋ «እናንተ አሁን የእኛ ናችሁ፤ በዚህ ሜዳ ላይ ቤት እንስጣችሁ፣ ተራራውን ተዉት» ልትል ትችል ነበር። በገንዘብ ረገድ ይህ ይረክሳል። ወይም ዕቅዳቸውን ተቀብላ፣ ጉልበቷን ለእነርሱ ሐሳብ ልታውል ትችል ነበር። የሆነው ይህ ሁለተኛው ነው። በያማኮሺ የከተማው ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤት ተከፈተ፤ መንገዱና ወንዙ በመንግሥት አቅም ተሠራ፤ የት እንደሚሰፍሩና እንዴት እንደሚመለሱ ግን ጎጦቹ በየራሳቸው መከሩ። በውሃ የሰጠመው የኮጎሞ ጎጥ ሰዎች ከቀድሞው ስፍራቸው ከፍ ወዳለ መሬት ወጥተው ሰፈሩ፤ በጭቃ የተቀበሩትንም ቤቶች ለመታሰቢያ እንዳሉ ተዉአቸው። የመጨረሻዎቹ ቤተሰቦች ከጊዜያዊ ቤቶች የወጡት በ2007 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወር ነው። ከሕዝቡ 70 በመቶ ያህሉ ወደ ተራራው ተመለሰ። የቀሩትም በአዲሱ ኑሯቸው መቅረታቸው ክሕደት ተብሎ አልተቆጠረባቸውም፤ መምረጥ ሲቻል ነውና መመለስም መመለስ የሚሆነው። ያማኮሺ የሚለው ስም ደግሞ ከናጋኦካ ስም ቀጥሎ በነዋሪዎቹ አድራሻ ላይ ዛሬም ይጻፋል።

ይህን ጉዳይ የሚመለከት አንድ መርሕ በቤተ ክርስቲያን ማኅበራዊ ትምህርት ውስጥ አለ። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ ዐሥራ አንደኛ በ1931 ዓ.ም. «ኳድራጄሲሞ አኖ» በተሰኘው ዓዋዲ መልእክታቸው፣ ታናሽ ማኅበር በራሱ ሊሠራው የሚችለውን ሥራ ታላቁ ነጥቆ መውሰዱ የፍትሕ መጓደል መሆኑን አስተምረዋል። ይህ መርሕ ብዙ ጊዜ በግማሹ ብቻ ይጠቀሳል። አንዳንዱ «ታላቁ እጁን ይሰብስብ» የሚለውን ብቻ ይሰማል፤ ታናሹንም ከነችግሩ ይተወዋል። መርሑ ግን በላቲን የተሰየመበት ቃል ትርጉሙ «እርዳታ» ነው። ታላቁ ሊያደርግ የሚገባው መንጠቅም መተውም ሳይሆን፣ ታናሹ ሥራውን ራሱ መሥራት እንዲችል ማገዝ ነው።

በመሆኑም ታላቁን ሁለት ፈተናዎች ይገጥሙታል። አንዱ ማዘዝ ነው፤ ይህን ሁሉም ሰው ክፋት መሆኑን ያውቀዋል። ሁለተኛው ግን ቸርነት መስሎ ይመጣል፤ እርሱም ሁሉንም ነገር ለታናሹ ሠርቶ ማቅረብ ነው። ሰው ምንም ሳይጎድልበት፣ የሚያስፈልገው ሁሉ በሌላ ሲወሰንለት፣ ቀስ በቀስ ከባለቤትነት ወደ ተመጽዋችነት ይወርዳል። ታናሹም የራሱ ፈተና አለበት። ሸክሙን ለታላቁ አስረክቦ ማጉረምረምን ብቻ ለራሱ ማስቀረት ይቀናዋል። ዶማቸውን አንሥተው ዋሻ የቆፈሩት የኮማትሱጉራ ሰዎች «መንግሥት ይሥራልን» ብለው ቢቀመጡ ኖሮ ማንም አይወቅሳቸውም ነበር፤ ነገር ግን ከ55 ዓመታት በኋላ በመጠለያ ውስጥ ሆነው «እንመለስ» ለማለት የሚያበቃ ልብ ባልኖራቸው ነበር ብለን እናምናለን። አብሮ የመወሰን ልማድ በአደጋ ቀን አይፈጠርም፤ አስቀድሞ የተከማቸ ሀብት ነው።

አሁን ከባዱን ተቃውሞ እንስማ። አስተዋይ ሰው እንዲህ ሊለን ይችላል፦ «ይህ ሁሉ መልካም ነው። ነገር ግን ለ2,200 ሰዎች ያ ሁሉ መንገድ፣ ያ ሁሉ ድልድይ ተሠራ። በ2021 ዓ.ም. የያማኮሺ ነዋሪዎች ወደ 800 ወርደዋል፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ አረጋውያን ናቸው። ለምትጠፋ መንደር የአገር ሀብት ማፍሰስ ለሌላው ድኻ ግፍ አይሆንምን?» ይህ ጥያቄ ከጭካኔ የመጣ አይደለም። ሀብት ውሱን ነው፤ ለአንዱ የተሰጠው ከሌላው የቀረ ነው። ቁጥሩንም መካድ አንችልም፤ መመለሱ የመንደሪቱን መመናመን አላቆመውም።

ሆኖም ተቃውሞው አንድ ነገር ሳይመረምር ያልፋል፤ ይኸውም የአንድ ነገር ዋጋ የሚለካው በሚኖረው ዕድሜ ብቻ ነው የሚለውን ግምት ነው። ያረጀ አባቱን የሚጦር ልጅ የሚጦረው አባቱ ተመልሶ ጎልማሳ እንዲሆን አይደለም። በሽተኛን የምንጠይቀው ይድናል ብለን ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ የማይድነው በሽተኛ ደጅ ባዶ ይሆን ነበር። መንደርም እንዲሁ ናት። ለዘላለም እንድትኖር ማንም ዋስ ሊሆንላት አይችልም፤ እንድትኖር መገደድም የለባትም። ነገር ግን በገዛ ሰዎቿ ምክር፣ በገዛ ጊዜዋ፣ ሙታኖቿን ከቀበረችበት መሬት ሳትነቀል ማርጀት አንድ ነገር ነው፤ በአንድ ጠዋት «አታዋጡም» ተብሎ መበተን ሌላ ነገር ነው። የሁለቱ ፍጻሜ በመዝገብ ላይ አንድ ሊሆን ይችላል፤ በሰው ክብር ፊት ግን አንድ አይደለም። ይህን ስንል ወጪው አይቆጠር ማለታችን አይደለም። ከሚቆጠሩት ነገሮች መካከል የማይሸጠውም ይቆጠር ማለታችን ነው።

ደግሞም የተመለሱት ሰዎች እጃቸውን አጣጥፈው ፍጻሜያቸውን አልጠበቁም። በ2013 ዓ.ም. በያማኮሺ አንድ የመታሰቢያና የእንግዳ መቀበያ ቤት ተከፈተ፤ ስሙም «ኦራታሩ» ነው፤ በአካባቢው አነጋገር «የእኛ ስፍራ» ማለት ነው። በ2021 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ የነዋሪዎቹ ጉባኤ በኢንተርኔት አማካይነት የባለ ኅብር ዓሣ ሥዕል እየሸጠ፣ ገዢዎቹን በሩቅ ያሉ «ዲጂታል የመንደር ነዋሪዎች» ብሎ መመዝገብ ጀመረ። ብዙም ሳይቆይ የእነዚህ ቁጥር በተራራው ላይ ከሚኖሩት በለጠ። በሥዕል ግዢ የመንደር ሰው ይኮናልን? እኛ እንጠራጠራለን። በረዶ አብሮ ያልጠረገ፣ ለቅሶ አብሮ ያልደረሰ ጎረቤት ገና የጎረቤት ሙሉ ስም አይገባውም። ነገር ግን አረጋውያን የሞሉባት ተራራማ መንደር «እኛ» የሚለውን ቃል አጥብባ ከመሞት ይልቅ አስፍታ ለመኖር መሞከሯን ስናይ፣ ከመሳለቅ እንቆጠባለን። አያቶቻቸው አራት መንደሮችን አንድ «እኛ» ማድረግ ችለው ነበርና።

በያማኮሺ ከጥንት የቆየ የኮርማ ግጥሚያ አለ፤ በ1978 ዓ.ም. በአገሪቱ ከሚጠበቁ ቅርሶች አንዱ ሆኖ ተመዝግቧል። ሁለት ግዙፍ ኮርማዎች ቀንድ ለቀንድ ይገጥማሉ፤ ሰዎችም ዙሪያቸውን ይጮኻሉ። ነገር ግን አንዱ ሊሸነፍ ሲቃረብ ሰዎቹ ዘለው ይገቡና የኋላ እግራቸውን በገመድ ይዘው ያለያዩዋቸዋል። አሸናፊ አይባልም፣ ተሸናፊም አይባልም። ምክንያቱም ኮርማው ከቤተሰቡ እንደ አንዱ ነው፤ የተሸነፈ ኮርማ ደግሞ ልቡ ይሰበራል፣ ዳግመኛም አይገጥምም። የእነዚህን ገበሬዎች ጥበብ ታላላቆቹ ቢማሩት መልካም ነበር። ጉልበት መኖሩ ኀጢአት አይደለም፤ ኮርማ ጉልበት የሌለው ቢሆን ማን ያየዋል? ኀጢአቱ ጉልበትን እስከ መጨረሻው መግፋቱ ነው፤ ጥበቡም ደካማው ልቡ ሳይሰበር ገመዱን መሳቡ ነው።

እንግዲህ በመግቢያችን ወዳነሣነው ጥያቄ እንመለስ። መንደር የምትሞተው ቤቷ ሲፈርስ ወይም ስሟ ሲሰረዝ አይደለም። ያማኮሺ ቤቷም ፈርሶ፣ ስሟም ተሰርዞ ኖራለች። መንደር የምትሞተው ሰዎቿ አብረው የሚወስኑት፣ አብረውም የሚሸከሙት ነገር ሲያልቅባቸው ነው። ስለዚህ ታናሹን የሚጠቀልል ታላቅ ሁሉ፣ ከተማም ይሁን መንግሥት፣ ማኅበርም ይሁን ቁምስና፣ ራሱን ሊጠይቅ የሚገባው «ምን ሰጠኋቸው?» ብሎ ብቻ አይደለም። «ራሳቸው እንዲሠሩት ምን ተውኩላቸው?» ብሎም ይጠይቅ። ታናሹም በበኩሉ «ምን ተወሰደብኝ?» ከማለቱ አስቀድሞ፣ በእጁ የቀረችውን ዶማ ይመልከት።